ምን ዓይነት ምክትል ይሻለናል? የመንግሥት መሪ ምክትል አማራጮች ሲነጻጸሩ

ሐዋሳ ላይ ስለ ሕገ መንግሥት ማሻሻል ወሬ ከተነሳ ክርክሩ ሁሌም የሚጀምረው ከአንድ ቦታ ነው። ፕሬዚዳንታዊ ይሁን ወይስ ፓርላማዊ? ሐይቅ ዳር ማኪያቶ ይዞ የተቀመጠውም፣ ከእድር ስብሰባ ወጥቶ መንገድ ላይ የቆመውም እዚያው ላይ ሲከራከር ይመሽበታል። ስለ ምክትሉ የሚያነሳ የለም። ምክትል ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው መድረክ ላይ ንግግር አንብቦ፣ ሪባን ቆርጦ የሚመለስ ሰው ነው። እኔ ግን ይሄ ወንበር በደንብ ሊወራበት ይገባል እላለሁ። ወንበሩ የሚፈለገው መሪው ሲታመም፣ ሲሞት፣ ሲለቅ ወይም የት እንዳለ ሳይታወቅ ሲቀር ነው። እነዚያ ደግሞ ሕዝብ በጣም የሚደነግጥባቸው ቀናት ናቸው። ያን ጊዜ ደንብ መጻፍ አይቻልም፣ የሚቻለው ቀድሞ የተጻፈውን አውጥቶ ማንበብ ብቻ ነው።

ስለዚህ አማራጮቹን አንድ በአንድ እንያቸው። ይህን የምጽፈው በአገራዊ ምክክሩም ይሁን በሌላ መድረክ ስለ መንግሥት አወቃቀር ሐሳብ ለሚያቀርብ ሰው ነው። የእድር፣ የማኅበር ወይም የኅብረት ሥራ መተዳደሪያ ደንብ እንድታረቁ ተመርጣችሁ ለተቀመጣችሁም ይሆናል፤ የእናንተም ጥያቄ ያው ነው፣ የሚለየው መጠኑ ነው።

የትኛውንም አማራጭ ስታዩ ሦስት ነገር ጠይቁ። ምክትሉን ማን ይሾመዋል? ማን ያነሳዋል? ሦስተኛውና ሁሉም የሚረሳው፦ «መሪው ሥራውን መሥራት አልቻለም» ብሎ በይፋ የሚናገረው ማነው? የመጀመሪያዎቹን ሁለት በየሕጉ ታገኟቸዋላችሁ። ሦስተኛው በየአገሩ ጣጣ ያመጣ ነው፣ ወደ ኋላ በሰፊው እመለስበታለሁ።

የእኛው ዓይነት፦ የመሪው ወኪል

ከራሳችን እንጀምር። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 75 ስለ ምክትል ጠቅላይ ሚኒስትር የሚለው በጣም አጭር ነው። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ለይቶ የሚሰጠውን ሥራ ያከናውናል፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ በማይኖርበት ጊዜ ተክቶ ይሠራል፣ ተጠሪነቱም ለጠቅላይ ሚኒስትሩ ነው። በቃ፣ ይኸው ነው። የራሱ የሆነ አንድም ሥልጣን አልተዘረዘረለትም። መሪው ብዙ ከሰጠው ብዙ ይሠራል፣ ምንም ካልሰጠው ቢሮውን ከፍቶ ይቀመጣል።

ጥሩ ጎኑ አይካድም። አንድ አለቃ አለ፣ ትእዛዝ ከሁለት አቅጣጫ አይመጣም። ሚኒስትሮቹ ማንን እንደሚሰሙ ያውቃሉ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ለጉባኤ ውጭ አገር ሲሄድ ሥራው አይቆምም። ለመደበኛ ቀን የተመቸ ነው።

ፈተናው የሚመጣው መደበኛ ባልሆነው ቀን ነው። ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ ነሐሴ 14 ቀን 2004 ዓ.ም. ሲያርፉ ምክትላቸው አቶ ኃይለማርያም ደሳለኝ ነበሩ። ለሐዋሳ ሰው እሳቸው የሩቅ ሰው አይደሉም፣ የደቡብ ክልልን በርዕሰ መስተዳድርነት ሲመሩ መቀመጫቸው እዚሁ ነበር። ተጠባባቂ ሆነው ቆዩ፣ በመስከረም መጀመሪያ ኢሕአዴግ ሊቀመንበሩ አድርጎ መረጣቸው፣ መስከረም 11 ቀን 2005 ዓ.ም. ፓርላማ ቀርበው ቃለ መሐላ ፈጸሙ። አንድ ወር ገደማ ማለት ነው። ሽግግሩ በሰላም አለፈ፣ በአገራችን ታሪክ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ግን ያንን ወር የሞላው የሰዎቹና የፓርቲው ስምምነት እንጂ የሕጉ ዝርዝር አልነበረም። አንቀጹ ለሦስት ቀን ጉዞና ለሞት የተለያየ ነገር አላስቀመጠም፣ ተጠባባቂው እስከ መቼ እንደሚቆይም አይናገርም።

ሁለተኛው ፈተና የካቲት 2010 ዓ.ም. መጣ። አቶ ኃይለማርያም ሥልጣን ለመልቀቅ ጠየቁ፣ ምክትላቸው ደግሞ አቶ ደመቀ መኮንን ነበሩ። ብዙ ሰው ያኔ «እንግዲህ ምክትሉ ሊተካ ነው» ብሎ ነበር። አልሆነም። አቶ ደመቀ ራሳቸውን ከውድድሩ አገለሉ፣ ኢሕአዴግ ዐቢይ አሕመድን (ዶ/ር) መረጠ፣ መጋቢት 24 ቀን ቃለ መሐላ ፈጸሙ፣ አቶ ደመቀም ምክትል ሆነው ቀጠሉ። እዚህ ላይ አንድ ነገር እንያዝ፦ በእኛ ሥርዓት ምክትልነት ወራሽነት አይደለም። መሪው ሲለቅ ወንበሩ የሚሄደው በፓርላማው አብላጫ ያለው ፓርቲ ወደመረጠው ሰው ነው። በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትሩ ወደ ጦር ግንባር ሲሄዱ መደበኛውን የመንግሥት ሥራ አቶ ደመቀ እንደሚያስኬዱ ተነግሮ ነበር፤ ውክልና የሚባለው በትክክል ይሄ ነው፤ ተመልሰው ሲመጡ ያበቃል።

አሁን ያለው ምክትል ጠቅላይ ሚኒስትር አመጣጥም ይህንኑ ያሳያል። በጥር 2016 ዓ.ም. ብልጽግና ፓርቲ መጀመሪያ በፓርቲው ምክትል ፕሬዚዳንትነት አቶ ደመቀን በአቶ ተመስገን ጥሩነህ ተካ። ፓርላማው ሹመቱን ያጸደቀው ከዚያ በኋላ፣ ጥር 30 ነው። ዋናው ምርጫ የሚካሄደው ፓርቲው ውስጥ ነው፣ ፓርላማው ማኅተም ያሳርፍበታል። ይህን ዓይነት ምክትል የምትመርጡ ከሆነ ትኩረታችሁ የፓርቲው የውስጥ ደንብ ላይ ጭምር ይሁን።

አንድ ነገር ልጨምር። በእኛ አገር ምክትሉን ሌላ ሚኒስቴር ደርቦ ማሸከም ልማድ ሆኖ ቆይቷል። አቶ ኃይለማርያም ምክትልም የውጭ ጉዳይ ሚኒስትርም ነበሩ። አቶ ደመቀ ሲጀምሩ ከትምህርት ሚኒስትርነት ጋር፣ በኋላ ደግሞ ከ2013 ጀምሮ ከውጭ ጉዳይ ጋር ደርበው ሠርተዋል። ይሄ ምክትሉ ያለ ሥራ እንዳይቀመጥ ያደርጋል፣ ልምድም ይሰጠዋል። ግን የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ዓመቱን ሙሉ አውሮፕላን ላይ ነው። ሁለቱም በአንድ ሳምንት ውጭ ከሆኑ አገር ቤት ማን ቀረ? ለእኔ ምክትል ደርቦ መያዝ ካለበት አገር ውስጥ የሚያቆየውን ሥራ ቢይዝ ይሻላል።

የጥምር መንግሥት ምክትል

እዚህ ላይ ምክትሉ የመሪው ሰው አይደለም፣ የሌላ ፓርቲ መሪ ነው። ጀርመንን እንውሰድ። በሕገ መንግሥታቸው አንቀጽ 69 መሠረት መራሔ መንግሥቱ ከሚኒስትሮቹ አንዱን ምክትሉ አድርጎ ይሾማል። በወረቀት ላይ ከእኛ ብዙም አይርቅም። በተግባር ግን ምክትልነቱ ብዙውን ጊዜ የሚሄደው ለጥምረቱ ሁለተኛ ፓርቲ ነው፤ ከዚያም በላይ ሰውየው ከባድ ሚኒስቴር ይዞ ነው የሚመጣው። ኦላፍ ሾልዝ ከእ.ኤ.አ. 2018 እስከ 2021 (የውጭ አገሮቹን ዓመታት ሁሉ የምጽፈው በእ.ኤ.አ. ነው) የአንጌላ መርከል ምክትልና የገንዘብ ሚኒስትር ነበሩ። መርከል ከሌላ ፓርቲ ናቸው። መራሔ መንግሥቷ «ተነስ» ብትለው የሚነሳው ሰውየው ብቻ አይደለም፣ መንግሥቱ ራሱ ሊፈርስ ይችላል። ስለዚህ ይህ ምክትል አንገቱን ቀና አድርጎ ይናገራል።

አየርላንድ ደግሞ የበለጠ ዘርዝራዋለች። ሕገ መንግሥታቸው ጠቅላይ ሚኒስትሩ ቢሞት ወይም ለዘለቄታው መሥራት ባይችል አዲስ እስኪሾም፣ ለጊዜው ባይኖርም እስኪመለስ፣ ምክትሉ ተክቶ እንደሚሠራ ለያይቶ ይናገራል። በ2020 የተጣመሩት ሁለት ትልልቅ ፓርቲዎች ደግሞ ወንበሩን ለመቀያየር ተስማሙ፤ በታኅሣሥ 2022 ሚሃል ማርቲን ከጠቅላይ ሚኒስትርነት ወደ ምክትልነት ወረዱ፣ ምክትሉ ሊዮ ቫራድካር ወደ ላይ ወጡ። ያለ ጠብ፣ በቀጠሮ። ወደ ሁለተኛነት መውረድ ውርደት የማይሆንበት ባህል እንዳለ ሳይ ደስ ይለኛል፣ እኛም ዘንድ እንዲለመድ ከልቤ እመኛለሁ።

ጉድለቱ ምንድነው? ጥምረት በሌለበት አገር ይህ ዓይነቱ ምክትል አይኖርም። አንድ ፓርቲ ብቻውን አብላጫ ይዞ በሚመራበት ሁኔታ «ምክትሉ ከሌላ ፓርቲ ይሁን» ብሎ በሕግ መጻፍ መደርደሪያ ላይ የሚቀር ነገር ነው። ሌላው፣ መሪው ድንገት ቢለቅ የትንሹ ፓርቲ ሰው ለጊዜው አገር ሊመራ ነው። በግንቦት 1974 ቪሊ ብራንት ሲለቁ ምክትላቸው ቫልተር ሼል፣ የትንሹ ፓርቲ መሪ፣ ሄልሙት ሽሚት እስኪመረጡ ድረስ ከሳምንት በላይ ሥራውን ይዘው ነበር። ጀርመን ውስጥ ችግር አልፈጠረም፣ ምክንያቱም ቀጣዩን ፓርላማው እንደሚመርጥና ጊዜውም አጭር እንደሚሆን ሁሉም ያውቅ ነበር።

አብሮ የተመረጠ ምክትል

ፕሬዚዳንቱ ርዕሰ ብሔርም የመንግሥት መሪም በሆነበት አገር ምክትሉ ብዙ ጊዜ ከመሪው ጋር በአንድ ካርድ ይመረጣል። ጎረቤታችን ኬንያ በ2010 ሕገ መንግሥቷ የመረጠችው ይህንን ነው። ሕዝብ ስለመረጠው ፕሬዚዳንቱ ብቻውን ሊያባርረው አይችልም። ፕሬዚዳንቱ ቢሞት ወይም ቢለቅ የቀረውን የሥልጣን ዘመን እሱ ይጨርሳል፣ ሌላ ምርጫ ወዲያው አያስፈልግም። የማያሻማ ነው፣ ማን ቀጣይ እንደሆነ ሕፃን ልጅ ሳይቀር ያውቃል።

ችግሩ ሁለቱ ሲጣሉ ነው። ፕሬዚዳንት ሩቶና ምክትላቸው ሪጋቲ ጋቻጉዋ አብረው ተመርጠው ሁለት ዓመት ሳይቆዩ ተቃቃሩ። ማባረር ስለማይቻል ነገሩ ወደ ፓርላማ ሄደ፣ በሁለቱም ምክር ቤቶች ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ያስፈልግ ነበር፣ ተገኘ። ሴኔቱ በጥቅምት 17 ቀን 2024 (እ.ኤ.አ.) አነሳቸው፣ ኪቱሬ ኪንዲኪ በኅዳር መጀመሪያ ተተኩ። ያን ሰሞን በቴሌቪዥን የተከታተለ ሰው ያስታውሳል፣ አገሩ በሙሉ ሌላ ሥራ የሌለው ይመስል ነበር። ቢሆንም በሕግ መንገድ አለቀ።

ማላዊ የባሰ ገጥሟት ነበር። ፕሬዚዳንት ቢንጉ ዋ ሙታሪካ ምክትላቸውን ጆይስ ባንዳን ከፓርቲው አስባረሯቸው፤ ከምክትልነቱ ግን ማንሳት አልቻሉም፣ ሕዝብ ነው የመረጣቸው። ሚያዝያ 5 ቀን 2012 (እ.ኤ.አ.) ፕሬዚዳንቱ ድንገት ሞቱ። አንዳንድ ሚኒስትሮች ባንዳ እንዳይተኩ ሞከሩ። ሕጉ ግን ግልጽ ነበርና በሁለት ቀን ውስጥ ቃለ መሐላ ፈጸሙ። ይህን ታሪክ በጣም እወደዋለሁ። አንድ ግልጽ አንቀጽ በአስፈሪ ሁለት ቀናት ውስጥ አንድ አገር ሲያድን ታዩታላችሁ። እኛ አገር የሥልጣን ርክክብ በሰላም ያለፈበት ጊዜ ስንት እንደሆነ ለሚያውቅ ሰው የዚህ ትርጉም ይገባዋል።

ይህን የምትመርጡ ከሆነ ዋጋው ምን እንደሆነ እወቁ፦ ለሰላሙ ጊዜ የማይመች፣ ለክፉ ቀን የሚሆን ምክትል ነው። ተራ ማክሰኞ ላይ ሁለት የተመረጡ ሰዎች አንድ ግቢ ውስጥ ይገፋፋሉ።

ብዙ ምክትል

ይሄኛው ማባበያ ነው ብዬ በግልጽ ልናገር። በኅዳር 2005 ዓ.ም. አቶ ደመቀ ምክትል ጠቅላይ ሚኒስትር እያሉ፣ አቶ ሙክታር ከድርና ደብረጽዮን ገብረሚካኤል (ዶ/ር) በምክትል ጠቅላይ ሚኒስትር ማዕረግ የክላስተር (ተቀራራቢ ሥራ ያላቸው ሚኒስቴሮች ስብስብ) አስተባባሪ ሆነው ተሾሙ። የግንባሩን አባል ድርጅቶች ሁሉ የሚያዳርስ አደላደል ነበር። ሁሉም ድርሻ አለኝ እንዲል ይረዳል፣ ሥራ ማከፋፈሉም ጥሩ ነው። ግን መሪው ባይኖር ከሦስቱ ማን? ተራ ቁጥር ከሌለ የምክትል ብዛት መልስ አይሰጥም። ስፔን ይህን ያቃለለችው ቁጥር በመስጠት ነው፤ አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ ምክትል ይላሉ፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩን የሚተኩትም በዚያው ቅደም ተከተል ነው።

ቁጥር መስጠት ብቻውን ግን አያድንም። ደርግ ቁጥር ነበረው። ብርጋዴር ጄኔራል ተፈሪ በንቲ ሊቀመንበር፣ መንግሥቱ ኃይለማርያም አንደኛ ምክትል፣ አጥናፉ አባተ ሁለተኛ ምክትል። ጥር 26 ቀን 1969 ዓ.ም. ሊቀመንበሩ ተገደሉ፣ አንደኛ ምክትሉ ሊቀመንበር ሆነ፣ ዓመት ሳይሞላ ኅዳር 1970 ላይ ሁለተኛ ምክትሉም ተገደሉ። ሠራዊቱንና ጽሕፈት ቤቱን የያዘ ምክትል፣ ከላይ የሚቆጣጠረው ምክር ቤትም ፍርድ ቤትም በሌለበት፣ ምን እንደሚያደርግ ቤተሰቡን ያጣ ሁሉ ያውቀዋል። ስለዚህ ስንት ምክትል ይኑር ከማለታችሁ በፊት ማን ይቆጣጠረዋል በሉ።

ጭራሹን ያለ ምክትል

ይሄም አማራጭ ነው፣ የሚሠራባቸው አገሮች አሉ። በእንግሊዝ ምክትል ጠቅላይ ሚኒስትር መሾም ግዴታ አይደለም። ኒክ ክሌግ ከ2010 እስከ 2015 ነበሩ፣ ከሳቸው በኋላ ወንበሩ ለዓመታት ባዶ ቀርቷል። ቦሪስ ጆንሰን በሚያዝያ 2020 በኮቪድ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ሲገቡ ምክትል አልነበራቸውም፣ ዶሚኒክ ራብ «እንደ አስፈላጊነቱ ይተኩኝ» ተብለው ሥራውን ይዘዋል። በህንድም ሕገ መንግሥቱ ስለ ምክትል ጠቅላይ ሚኒስትር አያነሳም። ኔህሩ በግንቦት 1964 ሲሞቱ፣ ሻስትሪም በጥር 1966 ሲሞቱ፣ ጉልዛሪላል ናንዳ የሚባሉት አንድ አንጋፋ ሚኒስትር ሁለቱንም ጊዜ ለሁለት ሳምንት ገደማ ተጠባባቂ ሆነው አሸጋገሩ።

እነዚህ አገሮች የሚተማመኑት በልማድና በጠንካራ ፓርላማ ነው። እኛ ያን ዓይነት ልማድ ገና አልገነባንም። ለእኛ አልመክረውም።

«መሪው የለም» የሚለው ማነው?

አሁን ወደዚያች ሦስተኛዋ ጥያቄ።

ናይጄሪያ ውስጥ በኅዳር 2009 (እ.ኤ.አ.) ፕሬዚዳንት ኡማሩ ያርአድዋ ለሕክምና ሳውዲ አረቢያ ሄዱ። ምክትላቸው ጉድላክ ጆናታን አገር ውስጥ ነበሩ፣ በሕግ የተመረጡ፣ ሙሉ ምክትል። ግን ሕጉ ተጠባባቂ ለመሆን ፕሬዚዳንቱ ለምክር ቤቱ ደብዳቤ ይጻፍ ይላል። ደብዳቤው አልተጻፈም። ሳምንታት አለፉ፣ ትልቅ አገር ያለ አዛዥ ቆየ። በመጨረሻ የካቲት 9 ቀን 2010 ምክር ቤቶቹ በውሳኔ ጆናታንን ተጠባባቂ አደረጉ። በኋላ ሕገ መንግሥታቸውን አሻሽለው፣ ደብዳቤው በ21 ቀን ውስጥ ካልመጣ ምክር ቤቱ ራሱ ይወስን አሉ። ቀላል ነው፣ ግን ያንን ዓረፍተ ነገር ለመጻፍ ያን ሁሉ ጭንቀት ማየት ነበረባቸው።

በአንጻሩ አሜሪካኖች ከኬኔዲ ሞት በኋላ በ1967 ባጸደቁት ማሻሻያ ነገሩን በደብዳቤ ልውውጥ አስቀምጠውታል። ጆ ባይደን በኅዳር 2021 ለምርመራ ማደንዘዣ ሲወስዱ ሥልጣኑን ለካማላ ሃሪስ ለ85 ደቂቃ በጽሑፍ አስተላልፈው፣ ሲነቁ በጽሑፍ መልሰው ወሰዱ። ለ85 ደቂቃ! ይህ ማጋነን ለሚመስለው ሰው የሚከተለውን ልንገረው።

እኛ እድር ውስጥ ሊቀመንበራችን ታመው አዲስ አበባ ሆስፒታል ተኙ። ደንባችን «ሊቀመንበሩ በማይኖሩበት ጊዜ ምክትሉ ተክቶ ይሠራል» ይላል፣ አለቀ። በዚያው ሰሞን አንዲት እናት አረፉ። ድንኳኑ ተተክሏል፣ አግዳሚው ተደርድሯል፣ ሴቶቹ ንፍሮ ጥደዋል፣ የማስፈጸሚያው ብር ግን ባንክ ነው። ምክትላችን ደንቡን በላስቲክ ይዘው ባንክ ሄዱ። የፈራሚዎች ዝርዝር ላይ ስምዎ የለም አሏቸው። ሊቀመንበሩ እንደማይችሉ የሚገልጽ ቃለ ጉባኤ ያምጡ፣ ማኅተም ያለበት። ማኅተሙ ሊቀመንበሩ ቤት ቁም ሳጥን ውስጥ ተቆልፎበታል፣ ቁልፉ ከሳቸው ጋር ሆስፒታል ነው። ከኪሳቸው አውጥተው፣ ከጎረቤት ተበድረው ቀብሩን አስፈጸሙ። ሁላችንም ተናደድን፣ ምክትላችንም ዕድሜያቸውን ሙሉ ያገለገሉበት ደንብ ለአንድ ቀን እንኳ እንዳልጠቀማቸው ሲናገሩ ድምፃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። ባንኩ ግን አልተሳሳተም። ደንባችን «አልቻሉም» የሚለውን ማን እንደሚወስን አልጻፈም ነበር።

የአገርም ነገር እንዲሁ ነው። ፊርማ፣ ማኅተም፣ የጦር ትእዛዝ፣ የበጀት ፈቃድ። «ተክቶ ይሠራል» የሚለው ቃል እነዚህን በራሱ አያስተላልፍም።

ታዲያ የትኛውን?

ፓርላማዊ ሥርዓት ይቀጥል የምትሉ ከሆነ፣ የእኔ ምርጫ አሁን ያለው የወኪል ዓይነት ምክትል ሆኖ አንቀጹ እንዲረዝም ነው። ወራሽ ይሁን አልልም። ፓርላማ በሚመርጥበት ሥርዓት ምክትሉን በሕግ ወራሽ ማድረግ የፓርላማውን መብት መንጠቅ ነው። ስዊድኖች በየካቲት 1986 ጠቅላይ ሚኒስትር ኦሎፍ ፓልሜ መንገድ ላይ ሲገደሉባቸው ምክትሉ ኢንግቫር ካርልሰን ያንኑ ሌሊት ሥራውን ተረከቡ፣ ፓርላማው ደግሞ ሁለት ሳምንት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ እሳቸውኑ ጠቅላይ ሚኒስትር አድርጎ መረጣቸው። ሌሊቱን የሚይዝ ምክትል፣ ቀጣዩን የሚመርጥ ፓርላማ። ሁለቱ ሥራዎች ተለያይተው አንዱ ሌላውን አልጎዳውም።

ፕሬዚዳንታዊ ይሁን የምትሉ ደግሞ አብሮ የተመረጠ ምክትል ሳትይዙ ወደዚያ አትሂዱ። ፕሬዚዳንቱ የሚሾመውና የሚያባርረው ምክትል፣ ፓርላማው ደግሞ የማይመርጠው፣ ከሁሉም የከፋው ድብልቅ ነው። በግንቦት 1983 ኮሎኔል መንግሥቱ ድንገት ከአገር ሲወጡ ከሳምንታት በፊት በምክትል ፕሬዚዳንትነት የተሾሙት ሌተና ጄኔራል ተስፋዬ ገብረ ኪዳን ለአንድ ሳምንት ተጠባባቂ ሆነው አገሩ እጃቸው ላይ ወደቀ። በዚያ ጊዜ ማንም ቢሆን ብዙ ማድረግ አይችልም ነበር፤ ግን ሕዝብ ያልመረጠው ምክትል በክፉ ቀን ምን ያህል ብቻውን እንደሚሆን ያሳያል።

ጥምር መንግሥት የምናይበት ቀን ከመጣ፣ ምክትልነቱ ለሁለተኛው ፓርቲ መሄዱ ጥሩ ልማድ ነው፣ በሕግ ግን አይጻፍ። በስምምነት ሰነዳቸው ይጻፉት።

ስለ ከተማ አስተዳደር አንድ አጭር ነገር። «ምክትል ከንቲባ» የሚለው ስያሜ ሁሌም ሁለተኛ ሰው ማለት አይደለም። አዲስ አበባ ላይ ታከለ ኡማ (ኢንጂነር) ከሐምሌ 2010፣ ወይዘሮ አዳነች አቤቤ ደግሞ ከነሐሴ 2012 ጀምሮ ከተማዋን የመሩት በምክትል ከንቲባነት ነው፣ ከበላያቸው ከንቲባ ሳይኖር። ወይዘሮ አዳነች ከንቲባ የተባሉት ከምርጫው በኋላ በመስከረም 2014 ነው። እና ከተማ ከከተማ ስታወዳድሩ ማዕረጉን ሳይሆን ቻርተሩን እዩ።

እድርና ማኅበር ላይ ያላችሁ፣ አንድ ምክትል ይበቃችኋል። አንደኛና ሁለተኛ እያላችሁ ለየመንደሩ አታከፋፍሉ፤ ሰው ለማስደሰት ከሆነ የሥራ አስፈጻሚ አባልነት ስጡት። ምክትሉ ከተመረጠበት ቀን ጀምሮ ባንክ ፈራሚ ይሁን። ማኅተም ጽሕፈት ቤት ይደር፣ ማንም ቤት አይግባ።

ለትልቁም ለትንሹም ሕግ ግን አንቀጹ ውስጥ ሊገቡ የሚገባቸው እነዚህ ናቸው። መሪው ራሱ በጽሑፍ ሲያስታውቅ ምክትሉ ወዲያው ይተካል። መሪው ማስታወቅ ካልቻለ ወይም ካልፈለገ፣ የሚወስነው አካል በስም ይጠቀስ። ለመንግሥት ከሆነ የሚኒስትሮች ምክር ቤት በሁለት ሦስተኛ ወስኖ ፓርላማው በቀናት ውስጥ ያጽድቀው፤ ምክትሉ ራሱ ድምፅ አይስጥበት። ምክትሉም ባይኖር ከሱ ቀጥሎ ያለው ሰው ይታወቅ። ተጠባባቂው ሚኒስትር እንዳይሽር፣ ፓርላማ እንዳይበትን፣ ሕገ መንግሥት እንዲሻሻል ሐሳብ እንዳያቀርብ ይከልከል። መሪው ከሞተ ወይም ከለቀቀ የተጠባባቂነቱ ጊዜ ከ30 ቀን አይበልጥ፣ ጊዜው ሲያልቅም ፓርላማው የማንንም ጥሪ ሳይጠብቅ በማግስቱ ይሰብሰብ።